የአጎቴን የዓመታት ሳንቲም ያለ ኮሚሽን ወደ ሂሳባቸው ያስገባንበት መንገድ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች፣ ታክሲ ሲነዱ ወይም በፓርኪንግና በሱቅ ሲሠሩ በኖሩ ወላጆቻችን ቤት ውስጥ፣ በሳንቲም የተሞላ ዕቃ ማግኘት የተለመደ ነው። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ኪሳቸውን ያራግፉበታል፤ ዓመታት ያልፋሉ፤ በመጨረሻም ዕቃው ከቦታው የማይነቃነቅ ይሆናል። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ክምችት ላላቸው ሰዎች፣ ይልቁንም ጠቅልለው ወደ አገር ቤት ለመግባት ለሚዘጋጁ አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም ለሚረዷቸው ልጆች ነው። የእናቴን ወንድም ሳንቲም አንዲት ሳትጎድል ለመመንዘር በደከምንበት ጊዜ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው ከዚህ ገንዘብ ላይ ከፍተኛውን ድርሻ የሚያጣው በችኮላ ምክንያት መሆኑን ነው።

አጎቴ ዲሲ ውስጥ ታክሲ መንዳት የጀመሩት ታሪፉ በዞን በሚታሰብበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ዞኑ ቀርቶ የታሪፍ መቁጠሪያ ሜትር ከገባ በኋላም፣ በ2013 ታክሲዎች ሁሉ የካርድ ክፍያ እንዲቀበሉ እስኪገደዱ ድረስ፣ ተሳፋሪው ባብዛኛው የሚከፍላቸው በጥሬ ገንዘብ ነበር። ከዚያ ሁሉ መልስና ጉርሻ የተረፈው ሳንቲም ሁለት ባለ አምስት ጋሎን የውኃ ጠርሙሶችንና አንድ ትልቅ የቡና ቆርቆሮ ሞልቶ ነበር። ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ለመኖር ሲወስኑ ቤቱ ተለቀቀ፣ ዕቃው ተሸጠ፣ ለዘመድ የሚሰጠውም ተሰጠ፤ ሳንቲሙ ግን ማንም ሊነካው የማይደፍረው ሥራ ሆኖ ቀረ።

ከዘመዶቻችን አንዱ በሻንጣ ከፋፍለው ይዘውት እንዲገቡ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ይህን የሚያስቡ ሌሎችም ስላጋጠሙኝ ከወዲሁ ልናገር፤ የሚሆን ነገር አይደለም። አንድ ሺህ ዶላር በኳርተር (በባለ 25 ሳንቲም) ሲሆን 50 ፓውንድ ያህል ይመዝናል፤ ይህም ለአንድ ሻንጣ ከሚፈቀደው 23 ኪሎ ጋር የሚተካከል ነው። በፔኒ (በባለ አንድ ሳንቲም) ከሆነማ አንድ ሻንጣ ሙሉ ተሸክመው የሚያደርሱት መቶ ዶላር እንኳ አይሞላም። ከዚህም በላይ ባንኮች ከመንገደኛ የሚገዙት የወረቀት ዶላር እንጂ ሳንቲም አይደለም፤ ስለዚህ ገንዘቡ እዚያ ሲደርስ የሚመነዝረው የሌለው ብረት ይሆናል። የአሜሪካ ሳንቲም መመንዘር ያለበት እዚሁ አሜሪካ ነው።

አጎቴን ያስጨነቃቸው ግን ክብደቱ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ፊላደልፊያ በሚገኘው የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ ለዝውውር የሚውሉት የመጨረሻዎቹ ፔኒዎች ተመተው ምርቱ ቆመ፤ ምክንያቱም አንዲቱን የአንድ ሳንቲም ፔኒ ለመሥራት ከሦስት ሳንቲም ተኩል በላይ ይወጣ ነበር። ይህ ዜና በማኅበረሰባችን ውስጥ ሲዛመት «ፔኒ ሊቀር ነው» ወደሚል ወሬ ተለወጠ። አጎቴም ደውለው «ልጄ፣ ገንዘቡ ከአገልግሎት ውጭ ሳይሆንብኝ ቶሎ አንድ ነገር አድርጊልኝ» አሉኝ። ስጋታቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በእኛ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ የአገራችን የብር ኖቶች ሲለወጡ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር፤ በዘመድ ቤት የተቀመጠ ገንዘብ ስለነበራቸው ያ ጥድፊያ ከአእምሯቸው አልወጣም። የእኛ ሰው ገንዘብ ሲለወጥ የማብቂያ ቀን እንዳለው አይቶ ያደገ ነው።

የፔኒው ጉዳይ ግን የተለየ ነው። የቆመው ምርቱ እንጂ ዋጋው አይደለም፤ ፔኒ ዛሬም ሕጋዊ ገንዘብ ነው፣ ለመመለሻም የተቆረጠ ቀን የለውም። ይህን ለአጎቴ በሚገባ ማስረዳት ከሥራው ሁሉ የቀደመ ሥራ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እሳቸው ሲረጋጉ ነው እኛም አማራጮችን ለማየት ጊዜ ያገኘነው። እናት ወይም አባታችሁ በዚህ ወሬ ከተጨነቁ፣ ወደ የትኛውም ማሽን ከመሄዳችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ይህን ንገሯቸው።

በጥድፊያ የሚኬድበት ቦታ በየግሮሰሪው መግቢያ የቆመው የሳንቲም መቁጠሪያ ማሽን ነውና ስለ እሱ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ማሽኑ ሥራውን ይሠራል፣ ፈጣንም ነው። ነገር ግን በጥሬ ገንዘብ ሲከፍል ኮሚሽን ይቆርጣል፤ መጠኑ በየቦታው ቢለያይም እኛ በየመደብሩ ያየነው ከመቶ አሥራ ሁለት ገደማ ሲሆን፣ በላዩ ላይም በእያንዳንዱ ግብይት የሚታሰብ አነስተኛ ቋሚ ክፍያ አለ። የአጎቴ ገንዘብ መጨረሻ ላይ ሲቆጠር ከ4,200 ዶላር በላይ ሆኗል፤ ሁሉንም እዚያ ብናፈሰው ኖሮ ከ500 ዶላር በላይ ይቀርብን ነበር። በዚያ ማሽን መጠቀም ነውር አይደለም፤ አሥራ አምስት ዶላር ለሚያህል ዝርዝር ድካሙን ሊያስቀር ይችላል። ለዓመታት ቁጠባ ግን አይገባም።

እዚያው ማሽን ላይ ኮሚሽን የሌለው ሌላ ምርጫ አለ፤ በጥሬ ገንዘብ ፋንታ የአንድ መደብር ወይም ምግብ ቤት የስጦታ ካርድ ሲመረጥ ሙሉው ዋጋ ይሰጣል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ነፃ አገልግሎት ይቆጥረዋል። እኔ የምለው፣ ካርዱ በመጪዎቹ ሳምንታት ውስጥ በእርግጥ ልትገዙበት በምታስቡበት መደብር የሚሠራ ከሆነና መጠኑም ከዚያ ግዢ የማይበልጥ ከሆነ ብቻ ጥሩ ነው። አገር ለቆ ለሚሄድ ሰው በሺህ የሚቆጠር ዶላር በካርድ ማስቀመጥ ገንዘቡን ከማሰር አይለይም። አጎቴ ለዘመድ የሚወስዱትን አንዳንድ ዕቃ እንዲገዙበት ከቡና ቆርቆሮው ጥቂት በዚህ መንገድ ለወጥን፤ ከዚያ አላለፍንም።

ቀጥሎ ያሰብነው ባንካቸውን ነበር። ለብዙ ዓመታት ደንበኛ ስለነበሩ በደስታ የሚቀበሏቸው መስሎን ነበር። በስልክ ስንጠይቅ ግን ቅርንጫፉ የመቁጠሪያ ማሽን እንደሌለው፣ ልቅ ሳንቲም እንደማይቀበል፣ በመጠቅለያ ወረቀት ተጠቅልሎ ከመጣ ግን በሂሳባቸው ገቢ እንደሚያደርግ፣ እሱም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከተወሰነ ጥቅል በላይ ባይሆን እንደሚመርጥ ተነገረን። አጎቴ «ሕጋዊ ገንዘብ አይደለም እንዴ? እንዴት አልቀበልም ይላሉ?» ብለው ተቆጡ። ይህ ቁጣ ብዙዎችን በመስኮት ላይ ስለሚያጨቃጭቅ ልብ በሉት፤ ሳንቲም ሕጋዊ ገንዘብ ቢሆንም፣ አንድ የግል ድርጅት ማንኛውንም ሳንቲም በማንኛውም መጠን እንዲቀበል የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ክርክር አያዋጣም፤ የሚያዋጣው መጠየቅ ነው። በትሕትና ስንጠይቅ መጠቅለያ ወረቀቱን በነፃ ሰጡን፤ ወረቀት በመደብር ከመግዛታችሁ በፊት ባንካችሁን ጠይቁ።

እውነተኛው መፍትሔ የተገኘው እኔ በምሠራበት ሆስፒታል የሠራተኞች ክሬዲት ዩኒየን ውስጥ ነው። አባል ሆኜ ስኖር በመግቢያው ጥግ የቆመውን የሳንቲም ማሽን ለእኛ ይጠቅማል ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። ስጠይቅ ለአባላት ያለ ምንም ክፍያ እንደሚቆጥር፣ አባል ላልሆነ ሰው ግን ኮሚሽን እንደሚቆርጥ ተነገረኝ። ክሬዲት ዩኒየን የአባላቱ ንብረት የሆነ የቁጠባ ተቋም ነው፤ ለመግባት ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው በቁጠባ ሂሳብ የሚቀመጥ 5 ዶላር ያህል ነው። አባልነቱ በመሥሪያ ቤት፣ በምትኖሩበት ካውንቲ፣ በማኅበር ወይም በቤተሰብ በኩል ሊገኝ ይችላል፤ አጎቴም የአባል ቤተሰብ በመሆናቸው በስማቸው ሂሳብ ተከፈተላቸው።

በስማቸው ያልኩት በምክንያት ነው። «በአንቺ ሂሳብ ይግባና ትሰጪኛለሽ» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን እምቢ አልኩ። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባ በሌላው ሂሳብ ሲያልፍ፣ በወንድማማች መካከል እንኳ ነገ የሚነሳ ጥያቄ ይተዋል። ገንዘቡ ከጠርሙሱ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ሂሳብ ይግባ።

ወደ ማንኛውም ተቋም ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ የምትጠይቁትን አዘጋጁ። ማሽን ያለው የትኛው ቅርንጫፍ ነው፣ ዛሬ እየሠራ ነው ወይ፣ ለአባል ወይም ለደንበኛ ክፍያ አለው ወይ፣ በአንድ ቀን የሚቀበለው ገደብ አለው ወይ፣ ገንዘቡስ ወዲያው በሂሳብ ይገባል ወይስ ይቆያል ብላችሁ ጠይቁ። ማሽኑ ስለተበላሸ ብቻ መቶ ፓውንድ ሳንቲም አውርዶ መልሶ የሚጭን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ቤት ሥራው ልመለስ፤ ልፋቱም ጥቅሙም ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት ጠርሙሱን ለማንሳት አትሞክሩ። በሳንቲም የተሞላ ባለ አምስት ጋሎን ጠርሙስ ከአንድ አዋቂ ሰው ክብደት ሊበልጥ ይችላል፤ ፕላስቲኩ ያረጀ ከሆነም ሲነሳ ይሰነጠቃል። እኛ ባለበት ቦታ በጎኑ አጋድመን፣ በማንኪያና በትንሽ ኩባያ እየቀዳን በጠንካራ የጨርቅ ከረጢቶች ከፋፈልነው፤ አንዱ ከረጢት ከ25 ፓውንድ እንዳይበልጥ አደረግን። የወገብ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ጥንቃቄ ከኮሚሽኑ ሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው።

ከዚያ መለየት ጀመርን። በመጀመሪያ ጠንካራ ማግኔት በክምሩ ላይ አሳለፍን። የአሜሪካ የዝውውር ሳንቲሞች በማግኔት አይሳቡም፤ የሚሳበው ብዙውን ጊዜ ከ2000 ወዲህ የተሠራ የካናዳ ሳንቲም፣ የወረቀት ማያያዣ፣ ብሎን ወይም የቁልፍ ቀለበት ነው። ታክሲ ውስጥ ምን የማይገኝ አለ! የአንበሳ ራስ ያለባቸው የእኛው ሳንቲሞችም ወጥተዋል፤ እነዚህን በእጅ ለቅመን ለየናቸው። ለዚህ የማግኔት ሕግ የማውቀው ጉልህ ልዩነት የ1943 ፔኒ ነው፤ በጦርነቱ ምክንያት በብረት ስለተሠራች ትሳባለች፤ ከተገኘች ለብቻዋ አስቀምጧት። እንዲህ ያሉ ባዕድ ነገሮች ካልወጡ ማሽኑን ያቆሙታል፣ ከኋላችሁ የተሰለፈውንም ያስመርራሉ።

ሁለተኛው መለያ የዓመተ ምሕረቱ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቅ ሀብቱን በማሽን ያፈሳል። እስከ 1964 ድረስ የተሠሩ ዳይሞች (ባለ 10 ሳንቲሞች)፣ ኳርተሮችና የግማሽ ዶላር ሳንቲሞች 90 በመቶ የብር ማዕድን ናቸው፤ ከ1965 እስከ 1970 የተሠሩት የግማሽ ዶላር ሳንቲሞችም 40 በመቶ የብር ማዕድን አላቸው። ዋጋቸው ከተጻፈባቸው ቁጥር ብዙ እጥፍ ነው። ዓመቱን ለማንበብ ዓይን ከደከመ ጠርዙን ተመልከቱ፤ የአሁኖቹ ዳይምና ኳርተር በጠርዛቸው ላይ ቡናማ የመዳብ መስመር ይታይባቸዋል፣ የብር ማዕድን ያላቸው ግን ጠርዛቸው ነጭ ነው። ከ1942 እስከ 1945 ከተሠሩት ኒክሎች (ባለ 5 ሳንቲሞች) መካከልም ከጀርባቸው በሕንፃው ጉልላት አናት ላይ ትልቅ ፊደል የተቀረጸባቸው 35 በመቶ የብር ማዕድን አላቸው። በአንጻሩ 1776–1976 ተብሎ የተጻፈባቸው ኳርተሮች የሚለዩ ቢመስሉም፣ በዝውውር የተገኙት ባብዛኛው ከ25 ሳንቲም አይበልጡም፤ አጎቴ ለዓመታት በጥንቃቄ ያስቀመጧቸው እነሱን ነበር፤ እውነቱን መንገር ነበረብኝ።

ከዚያ ሁሉ ክምር የወጣው የብር ማዕድን ያለው ሳንቲም እፍኝ አይሞላም፤ ቢሆንም ከሁለት የተለያዩ ሳንቲም ገዢዎች ዋጋ ጠይቀን የተሻለውን ወሰድን። እንዲህ ያለውን ሳንቲም በሎሚም ሆነ በኮምጣጤ አትጠቡት፤ ማንጻት ሰብሳቢዎች የሚሰጡትን ዋጋ ይቀንሳል። ገዢው ለመወሰን ሲያጣድፋችሁ ደግሞ ተነስታችሁ ሂዱ።

ሦስተኛው መለያ በዓይነት ነው፤ ኳርተሩን ለብቻ፣ የቀረውን ለብቻ። ለምን ቢባል፣ ኳርተር ራሱን የቻለ ገበያ አለው። በአፓርታማ የሚኖር ሰው ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ኳርተር ይፈልጋል፤ የሱቅና የምግብ ቤት ባለቤቶች ደግሞ ለመልስ የሚሆን ዝርዝር ሁልጊዜ ያጥራቸዋል፣ ብዙ ባንኮችም ለንግድ ደንበኞቻቸው የሳንቲም ጥቅል ሲሰጡ ክፍያ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ አንድ የአገራችን ሰው ግሮሰሪ «በጥቅል ኳርተር እናምጣልዎ?» ስንለው ደስ አለው፤ እሱ ለባንክ የሚከፍለውን አዳነ፣ እኛም ሙሉውን ዋጋ በወረቀት ዶላር ተቀበልን። ከጎረቤትም ጥቂት ሰዎች ወሰዱ። በየአካባቢያችሁ ያሉትን የሐበሻ ሱቆች ጠይቁ፤ ከማሽን በፊት የሚቀድመው መንገድ ይህ ነው ብዬ አስባለሁ።

እንዲህ ያለ ልውውጥ መተማመን ስለሚጠይቅ ጥቅሉ በትክክል መሠራት አለበት። በአንድ ጥቅል 40 ኳርተር ገብቶ 10 ዶላር ይሆናል፤ 50 ዳይም 5 ዶላር፣ 40 ኒክል 2 ዶላር፣ 50 ፔኒ ደግሞ 50 ሳንቲም ነው። የተሞላ የኳርተር ጥቅል 8 አውንስ፣ የዳይም ጥቅል ደግሞ 4 አውንስ ያህል ይመዝናል። የወጥ ቤት ሚዛን ባለሱቁ ፊት አስቀምጦ እያንዳንዱን ጥቅል መመዘን የሁለቱንም ወገን ልብ ያሳርፋል፤ አንድ ኳርተር ብትጎድል እንኳ ሚዛኑ ይናገራል።

ይህ ሚዛን ሌላም ጥቅም አለው። በአሁኑ አሠራር አንድ ፓውንድ ኳርተር 80 ፍሬ፣ አንድ ፓውንድ ዳይም 200 ፍሬ ነው፤ ሁለቱም 20 ዶላር ናቸው። ስለዚህ ኳርተርና ዳይም ተደባልቀው እንኳ በፓውንድ 20 ዶላር ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ። ኒክል በፓውንድ 4 ዶላር ከ50 ያህል፣ የዛሬው ፔኒ ደግሞ 1 ዶላር ከ80 ያህል ነው። ከቤት ሳትወጡ ምን ያህል እንዳላችሁ በዚህ ዕወቁ፤ ያላወቀ ሰው ማሽኑ የነገረውን ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም።

ፔኒን በእጅ መጠቅለል ግን አልመክርም። አጎቴ ከነበራቸው ወደ 300 ዶላር ከሚጠጋ ፔኒ 600 ጥቅል ያህል ይወጣ ነበር፤ ማን ተቀምጦ ይጨርሰዋል? ለጡረተኛ ሰው እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ካልሆነ በቀር፣ ፔኒና ኒክል በነፃው ማሽን ይቆጠሩ፤ የእጅ ሥራ ለኳርተርና ምናልባትም ለዳይም ይዋል።

የቀረውን ወደ ክሬዲት ዩኒየኑ ስንወስድ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አላፈሰስንም። አስቀድመን በትክክል ቆጥረን የያዝነውን 20 ዶላር ለብቻው አስገብተን ማሽኑ 20 ዶላር ማለቱን አረጋገጥን፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀሪውን ያስከተልነው። ይህ ጥርጣሬ ከመጠን ያለፈ አይደለም። ቲዲ ባንክ የተባለው ባንክ በቅርንጫፎቹ ያቆማቸውን የሳንቲም መቁጠሪያ ማሽኖች እ.ኤ.አ. በ2016 ሙሉ በሙሉ ያነሳው፣ አሳንሰው እንደሚቆጥሩ በጋዜጠኞች ሙከራ ከታየ በኋላ ነው። ማሽን ይሳሳታል፤ የሚሳሳተውን ማወቅ የሚቻለው ደግሞ አስቀድሞ በቆጠረ ሰው ብቻ ነው።

ስታፈሱ በዝግታ ይሁን፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲገባ ማሽኑ ያልቆጠረውን ይመልሳል ወይም ይቆማል። የሚመልሳቸውን ከሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ፈልጉ፤ አብዛኞቹ ሁለተኛ ሲገቡ ይቆጠራሉ፣ በጭራሽ እምቢ የሚሉት የተጣመሙት፣ የሚያጣብቁት ወይም የውጭ አገር ሳንቲሞች ናቸው። ማር ወይም ከረሜላ የነካቸውን ቤት ውስጥ በሞቀ ውኃ አጥባችሁ በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ አምጡ፤ እርጥብ ሳንቲም በማሽን መግባት የለበትም። የማሽኑ ከረጢት በእኛ ሳንቲም ሞልቶ ሲቆም ሠራተኛ ጠርተን አስለወጥን፤ በዚያ ጊዜ ከቦታው አትራቁ፣ እስከዚያ የተቆጠረውንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ደረሰኙን ይዛችሁ በዚያው ቀን ወደ መስኮቱ ሂዱ፤ ወደ ሂሳብ የገባውን የሚያሳይ ሌላ ደረሰኝ ሳትቀበሉም አትውጡ።

ስለ አንድ ከባድ ጉዳይ ልጨምር፤ ዝም ብዬው ባልፍ ቅር ይለኛል። በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ፣ ሳንቲምም ጭምር፣ ወደ ባንክ ሲገባ ተቋሙ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ ክስ አይደለም፣ ግብርም አይደለም፤ በላብ የተገኘ ገንዘብ ያለው ሰው የሚፈራው ነገር የለውም። ወንጀል የሚሆነው ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ ገንዘቡን ሆን ብሎ ከፋፍሎ ማስገባት ነው። «ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ አስገቡ፣ እንዳይጠይቋችሁ» የሚል ምክር በመካከላችን በቀና ልብ ይሰጣል፤ እባካችሁ አትስሙት። የእኛው መጠን ከዚያ በታች ስለነበር አልደረሰብንም፤ በሱቅ ሥራ ብዙ ያጠራቀመ ቤተሰብ ግን ሁሉንም በግልጽ አምጥቶ ከየት እንደተገኘ በቀላል ቃል ቢናገር ይሻለዋል። ከባድ ስለሆነ በየተራ የሚያመጣ ሰው ምክንያቱ ክብደቱ ብቻ መሆኑን ለሠራተኛው አስቀድሞ ይንገር።

ከሁሉም በኋላ ማሽኑ ያልወሰዳቸው ነገር ግን ደህና የሆኑ ጥቂት ሳንቲሞች ቀሩ። እነዚህን በግሮሰሪ ራስ በራስ መክፈያ ማሽን ላይ ዳቦና ወተት ስንገዛ ከፈልንባቸው፤ ሳንቲም የሚቀበሉት ማሽኖች ኮሚሽን አይቆርጡም። የሜትሮ ባቡር ካርድ መሙያ ማሽኖችም ሳንቲም ይቀበላሉ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ብታደርጉት ግን ለሌላውም ለእናንተም ይመቻል።

ጀርመን ያሉ ዘመዶቻችን ስለ አሮጌው ማርክ ደጋግመው ስለጠየቁኝ እዚህ ላስገባው። በዩሮ የተተካው የጀርመን ማርክ ሳንቲምም ሆነ ወረቀቱ ዛሬም በጀርመን ማዕከላዊ ባንክ፣ በቡንደስባንክ፣ ያለ ክፍያና ያለ ጊዜ ገደብ በዩሮ ይለወጣል። በመሳቢያ ያገኛችሁትን ለመንገድ ገዢ በቅናሽ አትስጡ።

ጊዜን በተመለከተ፣ ጉዞው ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድማችሁ ጀምሩ። መለየቱና መጠቅለሉ በቤተሰብ እየተረዳዱ ማታ ማታ የሚሠራ ነው፤ የክሬዲት ዩኒየን ሂሳብ መክፈትም መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ስለሚጠይቅ፣ ቤቱ ከመለቀቁና አድራሻው ከመለወጡ በፊት መሆን አለበት። አጎቴ የኪራይ ውላቸው ሊያልቅ ሲል ነበር የደረስንበት፤ ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ የአድራሻ ማስረጃ ፍለጋ ሌላ ድካም ይሆንብን ነበር። ወደ ቅርንጫፉ ስትሄዱ ደግሞ ደመወዝ የሚገባበትን ዓርብንና ቅዳሜን ተዉት፤ በሳምንቱ መካከል ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ማሽኑም ባዶ ነው፣ ሠራተኞቹም ለመርዳት ጊዜ አላቸው።